ግራ እግሩን ሲያነሣ

ከልጄ የተረፈ ባለመስመር ደብተር፣
ግማሹ ሒሳብ ነው፣ ግማሹ የውሻ ዘር፤
ዳሩ ዓሣ ዓሣ ይላል፣ ገጹ ሻጋታ አብቅሏል፣
ወራሚት ሐይቁ ዳር ወረቀት መች ይደርቃል?

«ወይኒቱ ወለደች። ሐምሌ ሃያ አንድ ሌሊት።
አምስት። ሁለት ሞቱ። አንዷን ወሰዱ ጎረቤት።»
የቀሩት ወንዶች ናቸው፣ ካንድ ሆድ የወጡ፤
አንዱ እየሮጠ፣ አንዱ እያዛጋ መጡ።
«አባት» በሚለው ላይ ሰረዝ ብቻ አለ፤
በግንቦት ጨለማ አጥሬን የዘለለ፣
የደማቸውን እኩሌታ ሰጥቶ የተሰወረ፣
ከየት እንደመጣ ማንም ያልመሰከረ።

አንዱን ብልጭ አልኩት። በሦስት ወር ጆሮው ቆመ፣
በአራት የቆቅ ዱካ ይዞ አዘገመ፤
በአምስት፣ ከደንገሉ ጥግ ከርከሮ ሲያይ
አልጮኸም፤ ዞሮ ዓይኔን አየ፦ «እንሂድ ወይ?»
ሌላውን ስም ነፈግሁት። ልጆቹ «ቆይ» አሉት፣
«ና» ሲባል ይቆማል፣ ምንም ቢያባብሉት።
ቢራቢሮ ያሯሩጣል፣ በጥላው ይደነግጣል፣
የአምባዛ ራስ ሲሰጡት ቀብሮ ቦታው ይጠፋዋል።

«ዘር ከልጓም ይስባል» እያልኩ በየጠላ ቤቱ
ብልጭን አሞገስኩ፣ እኔ እንደሆንኩ ሁሉ እናቱ።
አለኸኝ በሁለት በግ ሊለውጠኝ መጣ፤
«ቆይን ውሰድ» ብለው እየሳቀ ወጣ።

ሐኪሟ ሙሉጎጃም ክትባት ይዛ ስትዞር
የብልጭን ጉልበት ዳሰሰች፣ ቆየች ሳትናገር።
«አፍንጫው ቀድሞታል፤ አጥንቱ ገና ጮርቃ ነው።
አንዱን ከእናቱ፣ አንዱን ከዚያ ካልታወቀው
ወስዶ ይሆናል፤ ሁለቱ ባንድ ሰዓት አይደርሱም።
ዓመት ይሙላው።» እሺ አልኩ። እሺ ማለት አያስከፍልም።

የካቲት ላይ፣ የመስኖው በቆሎ ሲያሽት፣
ከርከሮ ገባበት አንድ ሌሊት።
ሰባት ወር ሊሞላው አንድ ቀን ቀርቶታል።
ፈታሁት።

ደብተሩ እዚህ ጋ ባዶ ነው።
ጩኸት ሰምቻለሁ። የከርከሮ አልነበረም።

ትከሻው ተሰፍቶ ዳነ። አፍንጫው ዛሬም ሊቅ ነው፤
ማን በየት እንዳለፈ፣ የዘጌ ነፋስ ሲነግረው፣
ይሰማል። ግን በቆሎው ጠርዝ ሲደርስ ይተኛል፣
ከእኔ ይልቅ መሬቱን ያምናል።
እኔንም በስምንት ዓመቴ ታንኳ ላይ አውጥተው
«ጎበዝ! ሰው ሆነ!» አሉኝ፣ ዘንግ አስይዘው፤
ያን ጎበዝ ወገቤ እስከዛሬ ይረግመዋል፣
ሐይቁ ሲቀዘቅዝ ስሙን ይጠራዋል።

ቆይስ? ቆየ። አንዱን ዓመት ለቢራቢሮ ሰጠ፣
ሌላውን ለእንቅልፍ፤ እኔም ተውኩት፣ ተስፋዬ ተሟጠጠ።
ኅዳር ጎሕ ሲቀድ፣ ታንኳዎች ከደንገል ሲወጡ፣
ከኋላዬ የነበሩት ኮቴዎች ድንገት ታጡ።
ዞርኩ። ግራ እግሩን አንሥቷል፣ አንገቱን ወደ ቀኝ ጥሎ፣
ጭራው እንደ ታንኳ ዘንግ ቀጥ ብሎ —
ጠይሜ!
የወይኒቱ እናት! ከሞተች ስድስት ዓመቷ፣
እንዲህ ነበር አቋቋሟ፣ እንዲህ ነበር አንገቷ።
ወይኒቱ እንኳ አንድ ቀን አድርጋው አታውቅም፤
በእሷ በኩል ሲያልፍ በሯን አላንኳኳም።
«ማን ነገረህ?» አልኩት። ቆቋ ተነሥታ በረረች፤
ወንጭፌም እጄ ላይ ዝም ብላ ተንጠለጠለች።

ማታ ደብተሩን ገለጥኩ። በብልጭ ገጽ፣ በባዶው ቦታ፣
«የካቲት ሃያ። ጥፋቱ ከደሙ አይደለም፤ ከፈታው እጅ ነው» ብዬ ጻፍኩ።
በቆይ ገጽ፣ «ዕድሜ» ከሚለው ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ።
ሁለት ዓመት ከአራት ወር ልበል? ወይስ ከጠይሜ ልቁጠር?

ብልጭ መጥቶ እግሬ ላይ ተኛ። ነፋሱን አሸተተ።
ከርከሮ አለ።
እኔና እሱ አልተነሣንም።